ሰናመኪና ኮሶ፦ «ሆድ አጣቢው» ምንን ያጥባል?



ውድ አንባብያን! በዚህ ወር የቤተሰብ ጤና ዓምዳችን የምናነሳው ጉዳይ በየቤቱ የሚታወቅ፣ ነገር ግን በግልጽ ለመናገር የሚታፈርበት ነው። ይኸውም የሆድ ድርቀትና ለርሱ ተብሎ የሚጠጣው የዕፅ መድኃኒት ነው።

ከደሴ ተነስቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚወስደው መንገድ የሚያቋርጠው አገር ደጋ ነው። ገብስና ስንዴ፣ ባቄላና ተልባ የሚበቅልበት፣ ጤና ጣቢያ ለመድረስ ከብዙ ቀበሌ ረጅም ሰዓት በእግር የሚኬድበት አገር ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ የሚኖር ሰው ሆዱ ሲነፋው በቅድሚያ እጁን የሚሰደው ወደ ጓዳው ቢሆን አይፈረድበትም። በጓዳው ደግሞ ወይ ከገበያ የተገዛ ኮሶ፣ ወይ ከመድኃኒት አዋቂ የተገኘ ሥር፣ ወይም ሐጅ ደርሶ የተመለሰ ዘመድ ያመጣው ሰናመኪ ይገኝ ይሆናል።

እኛ ይህን ሁሉ ጣሉት አንልም። ከነዚህ ዕፅዋት መካከል ዘመናዊው ሕክምናም መስክሮለት በፋብሪካ እንክብል አድርጎ የሚሸጠው አለ። የምንለው ግን ይህ ነው፦ ሆድን የሚያስቀምጥ መድኃኒት የሚያወጣው በአንጀት ውስጥ የቆየውን ሰገራና ውኃ ብቻ ነው። ከዚህ በላይ የጠበቀበት ሰው ገንዘቡንና ጤናውን ይጎዳል፤ በማይገባው ሕመም የጠጣው ደግሞ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

ሁሉም «የሚያስቀምጥ» አንድ አይደለም

ብዙ ጊዜ ችግር የሚጀምረው ልዩ ልዩ ዕፅዋትን «ሆድ አጣቢ» በሚል አንድ ስም ከመጥራት ነው።

የደጋው ሰው በይበልጥ የሚያውቀው ኮሶን ነው። ኮሶ በከፍተኛ ቦታዎች የሚበቅል ትልቅ ዛፍ ሲሆን ለመድኃኒትነት የሚውለው የሴቴዋ ዛፍ አበባ ነው። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገራችን ኮሶ ትልን ለማስወጣት ሲጠጣ ዘመናት አልፈዋል። ንግዱም ጥንታዊ ነው። በ1860 ዓ.ም. በዚሁ በምዕራብ ወሎ፣ በመቅደላ አምባ ላይ ሕይወታቸው ያለፈው ዐፄ ቴዎድሮስ በባላጋራዎቻቸው ዘንድ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እየተባሉ ይነቀፉ እንደነበር በታሪክ ይነገራል። የኮሶ ዝና ባሕር ተሻግሮም በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞች ለኮሶ ትል ያዙት ነበር።

ነገር ግን ኮሶ የትል መድኃኒት እንጂ የሆድ ድርቀት መድኃኒት አይደለም። ማስቀመጡ ትሉን ጠራርጎ ለማውጣት የሚረዳ ሆኖ እንጂ ዋና ሥራው ያ አይደለም። መጠኑ ሲበዛ ኃይለኛ ትውከት፣ ቁርጠትና መዛል ያስከትላል፤ የዐይን ብርሃን እስከመጉዳት መድረሱንም ሐኪሞች መዝግበዋል። ነፍሰ ጡር ከጠጣችው ጽንሱን ሊያስወርዳት ይችላል። ዛሬ ለኮሶ ትል ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ የተባለው መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን የሚወሰድ ስለሆነ፣ ያንን ሁሉ ሥቃይ የሚያስመርጥ ምክንያት የለም።

ከኮሶ የባሱም አሉ። እንዶድ መርዛማ ነው። የቁልቋል ደም አፍና አንጀትን ይልጣል። የብሳና ፍሬ ኃይለኛ ነው። የጉሎ ፍሬም ከተጣራው ዘይቱ ይለያል፤ ፍሬው ታኝኮ ቢበላ በውስጡ ያለው መርዝ ሰው ይገድላል። እነዚህን «ሆድ ይጠርጋሉ» ብሎ መጠጣት ከበሽታው ይልቅ መድኃኒቱን አደገኛ ማድረግ ነው።

ሰናመኪ ከነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። በሞቃትና ደረቅ ቆላ የሚበቅል ቁጥቋጦ ሲሆን ቅጠሉና ፍሬው ለመድኃኒትነት ይውላሉ። ወደ አውሮፓ ያስተዋወቁት የዓረብ ሐኪሞች ናቸው። በግብፅ ወደብ በእስክንድርያ በኩል ይላክ ስለነበረም በነጮቹ ዘንድ የእስክንድርያ ሰና ተብሎ ይጠራል። ዛሬ በየአገሩ ለሆድ ድርቀት ከሚሰጡ መድኃኒቶች አንዱ ነው። በገበያችን የሚገኙት መቅመቆና እሬትም ከሰናመኪ ጋር ተመሳሳይ ወገን የሆነ ንጥረ ነገር አላቸው። ይሁን እንጂ መጠናቸው በውል ስላልተለካ እንደ ሰናመኪ ሊታመኑ አይችሉም። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2002 እ.ኤ.አ. እሬት ያለባቸው የሚያስቀምጡ መድኃኒቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጡ የከለከለው ደኅንነታቸውን የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ ባለመቅረቡ ነበር።

በሐዲስ የተወሳው ሰናመኪ

በሙስሊሙ ኅብረተሰብ ዘንድ ሰናመኪ የተከበረበት ምክንያት አለው። ቲርሚዚና ኢብኑ ማጃህ በዘገቡት መሠረት፣ አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ.) ሆዳቸውን ለማላላት ሹብሩም የተባለ ዕፅ ይጠቀሙ እንደነበር ለነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ይነግሯቸዋል። እርሳቸውም የዚያን ዕፅ ኃይለኛነት ጠቅሰው አልወደዱላቸውም። ቆይተው በሰናመኪ ሲጠቀሙ ግን ሰናመኪን በብርቱ አወደሱት። የሐዲሱን ሰነድ በተመለከተ የሐዲስ ሊቃውንት የተለያየ አስተያየት ሰጥተውበታል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በዘገባው ውስጥ ያለው ትምህርት «ሰናመኪ ጠጡ» የሚል ብቻ አይደለም። ኃይለኛውን ትቶ ለዘብ ያለውን መምረጥም አለበት። እንግዲህ ሱንናውን እከተላለሁ ብሎ እፍኝ ሙሉ ሰናመኪ አፍልቶ የሚጠጣ ሰው፣ ለዘብ ያለውን መድኃኒት በገዛ እጁ ኃይለኛ አድርጎታል ማለት ነው። ሙስሊም በዘገቡት ሌላ ሐዲስ ደግሞ መድኃኒት የሚያሽረው በአላህ ፈቃድ ከበሽታው ጋር ሲገጥም መሆኑ ተገልጿል። ከበሽታው ጋር ያልገጠመ መድኃኒት ስሙ ቢከበርም ጥቅም የለውም።

በሆድ ውስጥ የሚሠራው

የሰናመኪ ዋና ንጥረ ነገር ሴኖሳይድ ይባላል። ሲጠጣ በጨጓራና በቀጭኑ አንጀት በኩል ምንም ሳይሠራ ያልፋል። ትልቁ አንጀት ሲደርስ እዚያ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ይለውጡትና ሥራውን ይጀምራል። የትልቁን አንጀት ግድግዳ ያነቃቃል፤ ውኃ ወደ ሰውነት ተመልሶ እንዳይመጠጥም ያደርጋል። ስለዚህ ሰገራው ይለሰልስና ይገፋል።

ይህ ሁሉ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይወስዳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጠጥቶ ሁለት ሰዓት ጠብቆ «አልሠራልኝም» በማለት ይደግማል፤ ሌሊት ሁለቱም በአንድነት ሲነሱ ቁርጠቱ አያስቀምጠው አያስተኛው ይሆናል። ሽንት ወደ ቢጫነት ወይም ወደ ቀይ ቡናማነት ሊለወጥም ይችላል። ይህ ከመድኃኒቱ ቀለም የሚመጣ ስለሆነ ሲቆም ይጠፋል።

የማይሠራው

የመጀመሪያው ከንቱ ተስፋ «በሽታን ጠርጎ ያወጣል» የሚለው ነው። ጠጪው መጨረሻ ላይ ቢጫ ውኃና ንፍጥ መሰል ነገር ሲያይ «ሐሞቱ ወጣ፣ በሽታው ወጣ» ብሎ ይደሰታል። እውነቱ ግን ያ ፈሳሽ ሰውነት የሚፈልገው ውኃና ጨው መሆኑ ነው። ሰናመኪ ደም አያጠራም፤ ጉበት አያጥብም፤ የጨጓራ ሕመምን አያድንም፤ የኮሶ ትልንም አይገድልም።

ሁለተኛው ክብደት መቀነስ ነው። በተለይ በከተማ ያሉ ወጣት እኅቶቻችን ሠርግ ሲቃረብ «ቦርጭ የሚያጠፋ ሻይ» እየተባለ የሚሸጠውን ይገዛሉ። ከነዚህ ሻዮች ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ሰናመኪ ነው። ምግብ ወደ ሰውነት የሚመጠጠው በቀጭኑ አንጀት ሲሆን ሰናመኪ የሚሠራው ከዚያ አልፎ በትልቁ አንጀት ነው። እንጀራው ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ በር መዝጋት ምን ይጠቅማል? በሚዛን ላይ የሚታየው ቅናሽ የውኃ ነው፤ ውኃ ሲጠጣ ይመለሳል። ሻዩ በየቀኑ ከተጠጣ ግን ከውኃው ጋር ፖታሲየም የተባለው ጨው አብሮ ይወጣል። ፖታሲየም ሲያንስ ጡንቻ ይዝላል፤ ሲብስም የልብ ምት ይዛባል።

ሦስተኛው «ሆድ በየቀኑ መውጣት አለበት» የሚለው እምነት ነው። ጤናማ ሰው በቀን 3 ጊዜም፣ በሳምንት 3 ጊዜም ሊወጣ ይችላል። ዋናው ነገር ሰገራው የማያስጨንቅ መሆኑ ነው። በተለይ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ መድኃኒት ከጠጣ በኋላ ትልቁ አንጀቱ ባዶ ስለሚሆን ሁለት ሦስት ቀን ባይወጣ አያስደንቅም፤ ገና የሚወጣ ነገር አልተጠራቀመምና። ይህን ሳያውቅ «ድርቀቱ ተመለሰብኝ» ብሎ የሚደግም ሰው ከመድኃኒቱ መላቀቅ ያቅተዋል።

መውሰድ ካስፈለገ

ጥሩው መጠን ሰገራን ለማለስለስ የሚበቃው ትንሹ መጠን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የመድኃኒት ዕፅዋት መግለጫ ለአዋቂ ሰው የሰናመኪ ቅጠል በቀን ከ1 እስከ 2 ግራም፣ በመኝታ ሰዓት እንደሚበቃ ያመለክታል። ይህ የተሰባበረ ቅጠል ሆኖ ቢሰፈር ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ ነው። መጀመሪያ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ቢነሱ ይሻላል። በፈላ ውኃ ዘፍዝፎ ጥቂት ደቂቃ ማቆየትና አጥልሎ መጠጣት ይበቃል። ካልሠራም በዚያው ሌሊት ሳይደግሙ ማግስቱን ማታ መጠበቅ ያስፈልጋል።

የቅጠሉ ኃይል ከየት እንደተለቀመ፣ እንዴት እንደደረቀና ምን ያህል እንደቆየ ይለያያል። ስለሆነም በመድኃኒት ቤት የሚሸጠው እንክብል መጠኑ የታወቀ በመሆኑ ከገበያው ቅጠል ይመረጣል። ሰናመኪ ከሌሎች የሚያስቀምጡ ዕፅዋት ጋር ተቀላቅሎ አይጠጣ። ምንነቱን የማያውቁትን ዱቄትም «ሰናመኪ ነው» ስለተባለ ብቻ አይቅመሱት። ከሁሉ በላይ ከአንድ ሳምንት በላይ ያለ ሐኪም ምክር አይወሰድ። ሳምንት ሙሉ ያልተፈታ ድርቀት ምክንያቱ ሊመረመር ይገባዋል።

መንገደኛም ያስብበት። ማታ ሰናመኪ ጠጥቶ ንጋት ላይ ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ በሚሄድ አውቶቡስ መሳፈር ምን እንደሚያስከትል ማስረዳት አያሻንም።

በረመዳን ደግሞ ሰዓቱን ማስላት ግድ ነው። በሱሑር ሰዓት የተጠጣ ሰናመኪ የሚነሳው ቀን በጾም ላይ ነው፤ ያን ጊዜ የወጣውን ውኃ የሚተካ ነገር አይገኝም። በጣም ካስፈለገ ከኢፍጣር በኋላ ወዲያው ትንሽ መጠን መውሰድና እስከ ሱሑር ድረስ ውኃ ደጋግሞ መጠጣት ይሻላል። ይሁንና በረመዳን የሚመጣው ድርቀት ብዙውን ጊዜ ከውኃ ማነስና በኢፍጣር ላይ ከሚበዛው የተጠበሰ ምግብ ነው። ቴምር፣ ሾርባ፣ አትክልትና ውኃ ሲጨመር በአላህ ፈቃድ ይለቃል።

መድኃኒቱ ከልኩ በላይ አስቀምጦ ማዞር፣ የአፍ መድረቅና የሽንት ማነስ ከመጣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩን (ኦ.አር.ኤስ.) በንጹሕ ውኃ በጥብጦ መጠጣትና ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። በሽታ ላይ ላለ ጾመኛ አላህ ያገራለትን ማስፈታት ድካም አድርጎ ማየት አይገባም።

ሊጠነቀቁ የሚገባቸው

ዕድሜው ከ12 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ሰናመኪ ያለ ሐኪም አይሰጥም። ገና ለተወለደ ሕፃንማ ከእናት ጡት በቀር ምንም አያስፈልገውም። እንገሩ ራሱ የሕፃኑን የመጀመሪያ ጥቁር ሰገራ እንዲወጣ ይረዳል። ቅቤ ማላስም ሆነ የዕፅ ውኃ ማጠጣት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። በተወለደ በሁለት ቀን ውስጥ ሰገራ ያልወጣው ሕፃን ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

ነፍሰ ጡር እናት ከጤና ባለሙያ ሳትማከር አትጠጣ። በእርግዝና ጊዜ ድርቀት የተለመደ ነው፤ ለደም ማነስ የሚሰጠው የብረት እንክብልም ያባብሰዋል። ይህን ብላ እንክብሉን እንዳታቋርጥ፣ ይልቁንም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም ለአዋላጇ ትንገራት። የልብ ድካም መድኃኒት፣ በተለይም ዲጎክሲን፣ ወይም ሽንት የሚያበዛ እንክብል የሚወስድ ሰው፣ የኩላሊት ሕመምተኛና የአንጀት ቁስለት ያለበት ሰውም ከሐኪም ሳይማከር አይጠጣ።

በዕድሜ የገፉ አባትና እናት ድርቀት ድንገት ጀምሯቸው ክብደታቸው ከቀነሰ፣ ወይም ደም ከታየ፣ «ኪንታሮት ነው» ብሎ በዕፅ ማስታገስ አይገባም። የአንጀት ነቀርሳ እንዳይሆን መመርመር ያስፈልጋል።

ፈጽሞ የማይጠጣበት የሆድ ሕመም

ውድ አንባብያን! ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ አይረሳ።

በአገራችን፣ በተለይም በደጋው ክፍል፣ አንጀት በራሱ ላይ ተጠማዞ መታሰር ሐኪሞች ደጋግመው የሚያጋጥማቸው አደጋ ነው። ሕመምተኛው ሆዱ ይነፋል፤ ሰገራ እምቢ ይለዋል፤ ቁርጠት ያጣድፈዋል። ቤተሰብም ሲያየው «ድርቀት ነው» ብሎ የሚያስቀምጥ ያጠጣዋል። የተቋጠረ ከረጢትን ከላይ ቢገፉት ምን ይሆናል? ከመፈታት ይልቅ ይወጠራል። የታሰረ አንጀትም እንዲሁ ነው። መድኃኒቱ ሲገፋው ቁርጠቱ ይብሳል፤ «ትንሽ እንጠብቀው» ሲባል ሰዓቱ ይነጉዳል። ደም ያጣው አንጀት በሰዓታት ውስጥ ይሞታል፤ ሊበሳም ይችላል። በጊዜ የደረሰን ሕመምተኛ ሐኪም አንጀቱን ሊፈታለት ይችላል። የዘገየው ግን አንጀቱ ተቆርጦ ሊወጣ፣ ከዚያም አልፎ ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል።

ስለዚህ የሚከተሉት ምልክቶች ካሉ ሰናመኪም ሆነ ኮሶ፣ ተልባም ሆነ ሌላ ነገር በአፍ አይሰጥ፦

— ሰገራ ብቻ ሳይሆን ፈስም ጭራሽ ከቆመ፤
— ሆድ ተነፍቶ እንደ ከበሮ ከተወጠረ፤
— ትውከት ካለ፣ ይልቁንም አረንጓዴ ወይም ሰገራ ሰገራ የሚሸት ከሆነ፤
— ቁርጠቱ የማያፋታ ከሆነ፣ ወይም ሆድ ሲነካ የሚያስጮህ ከሆነ፤
— ሕመሙ በቀኝ በኩል ወደ ታች ወርዶ ትኩሳት ካለበት፤ ይህ የትርፍ አንጀት ምልክት ሊሆን ይችላልና፤
— ደም ወይም ጥቁር ሰገራ ከታየ።

እንዲህ ያለው ሰው በቃሬዛም ይሁን በመኪና፣ ሌሊትም ይሁን ቀን፣ የቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይወሰድ። ከወግዲም ሆነ ከሳይንት፣ ከከላላም ሆነ ከለጋምቦ የሚነሳ ሰው መንገዱ ረጅም መሆኑን እናውቃለን። በዕፅ ሙከራ የሚባክን ሰዓት የማይኖረውም መንገዱ ረጅም ስለሆነ ነው።

ከቅጠሉ በፊት ያለው መድኃኒት

አብዛኛው የሆድ ድርቀት ሰናመኪንም አያስፈልገውም። የደጋው ሰው በብርድ ምክንያት ጥማት ስለማይሰማው ውኃ የሚጠጣው ጥቂት ነው፤ ቡና ብቻ ደግሞ በቂ አይደለም። ጫት የሚቅሙ ወገኖቻችንም ድርቀታቸው ከየት እንደመጣ ሌላ ቦታ አይፈልጉ። ጫት አንጀትን እንደሚያደርቅ የታወቀ ነው። በቀን ጫት፣ በማታ ሰናመኪ እየወሰዱ መኖር በአንድ እጅ እያሰሩ በሌላው መፍታት ነው።

የወሎ ደጋ ከሰናመኪ የሚቀድም ጥሩ ነገር አለው። እርሱም ተልባ ነው። ተልባ እንደ ሰናመኪ አንጀትን እያስገደደ አያሠራም። ውኃ ይዞ ያብጥና ሰገራውን ያለሰልሰዋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በብዙ ውኃ በጥብጦ በየቀኑ መጠጣት ይቻላል። ውጤቱ የሚታየው በሁለት ሦስት ቀን ስለሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል። ውኃው ከጎደለ ግን ተልባው ራሱ ሊያደርቅ ይችላል። ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ቢያንስ በአንድ ሰዓት ያራርቀው። ከዚህ ጋር ቆሎ፣ የባቄላ ንፍሮ፣ ጎመን፣ ከነገለባው የተፈጨ ገብስና ስንዴ መብላት፣ ውኃ መጠጣትና መንቀሳቀስ ይረዳል። ሆድ ሲጠራም ዛሬ ነገ ሳይሉ መሄድ ነው፤ ትልቁ አንጀት በይበልጥ የሚነቃው ጧት ከቁርስ በኋላ በመሆኑ ያን ሰዓት መልመድ ይጠቅማል።

የዕፅ መድኃኒት ለምትሰጡ አባቶችና እናቶችም አንድ ቃል አለን። አቡ ዳውድና ሌሎች በዘገቡት ሐዲስ፣ ሕክምናን ሳያውቅ የሚያክም ሰው ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑ ተገልጿል። ስለዚህ ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ። ፈስ ይወጣል ወይ? ያስታውካል ወይ? ነፍሰ ጡር ናት ወይ? ሌላ መድኃኒት ትወስዳለች ወይ? «ይህ ከእኔ በላይ ነው፣ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት» ብሎ መመለስ ክብራችሁን አይቀንስም፤ አንድን ነፍስ ያተርፋል እንጂ።

አላህ ጤናና ዓፊያ ይስጠን። ወሏሁ አዕለም።